ሻንሲው ሲዝግ ስሙ ያልዛገው ፒክአፕ

በ2008 የመጋቢት ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የቶዮታ ወኪሎች ጋራዥ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ምርመራ ተጀመረ። ታኮማ የሚባለው ፒክአፕ ማንሻ ላይ ይወጣል። መካኒኩ መዶሻ ይዞ ከሥሩ ይገባና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየቀጠቀጠ ይሄዳል። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ከውስጥ የተበላ ብረት ግን ድምፁ ይታፈናል፣ የዝገት ቅርፊት ይረግፍበታል፣ አንዳንዴም መዶሻው በስቶት ያልፋል። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ቀዳዳ ከተገኘ መኪናው ወደቀ።

ለወደቁት መኪኖች ቶዮታ ያቀረበው ካሳ በመኪና ንግድ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ከ1995 እስከ 2000 ለተሠሩት ከ800 ሺህ በላይ ታኮማዎች የሻንሲ ዝገት ዋስትናው ወደ 15 ዓመት ከፍ አለ፤ የተጓዙት ርቀትም አይቆጠርም ተባለ። ሊጠገን የማይችለውን መኪና ደግሞ ኩባንያው ራሱ ይገዛዋል፤ ያውም ኬሊ ብሉ ቡክ የተባለው የመኪና ዋጋ መጽሐፍ ካወጣለት ግምት በአንድ ተኩል እጥፍ። አሥር ዓመት የነዳው፣ ሻንሲው ተበጥሶ ሊወድቅ የደረሰ መኪና ያለው ሰው ገበያ ላይ ከሚያገኘው በላይ ገንዘብ ይዞ ወጣ። ሻንሲውን የሠራው ዳና የተባለ የመለዋወጫ አምራች ነበር። ፀረ ዝገት ቅቡ በቂ ስላልነበረ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን ከውስጥ በላው።

ሻንሲ የፒክአፕ የጀርባ አጥንት ነው። እሱ የበሰበሰበት መኪና ስሙም አብሮ መበስበስ ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ታኮማ ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ የመካከለኛ ፒክአፕ ገበያን በሽያጭ እየመራ ቀጠለ። ባለመኪኖች ለአንድ ፒክአፕ ታማኝ የሚሆኑት ስለማይበላሽ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ይህንን አያስረዳም። የቶዮታ ትንሽ ፒክአፕ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጓዘበት መንገድ ግን ያስረዳል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቶዮታ ሳይሆን ከከባድ መኪና አምራቹ ሂኖ ነው። ሂኖ በ1966 ከቶዮታ ጋር የሽርክና ውል ሲፈራረም ብሪስካ የምትባል ትንሽ ፒክአፕ ነበረችው፤ ቶዮታም ላይት ስታውት የሚባል የራሱ ነበረው። ሁለቱን የሚተካው መኪና ከቶኪዮ መሐል ወጣ ብሎ በሚገኘው በሃሙራ የሂኖ ፋብሪካ መሠራት ጀመረ፤ በመጋቢት 1968 ሃይሉክስ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ታኮማ ኋላ በአሜሪካ የተካው ይህንን መኪና ነው። አንድ ነጥብ አምስት ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 77 የፈረስ ጉልበት፣ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ የመጫን አቅም። ከኋላ ባሌስትራ፣ ከሥር እንደ ከባድ መኪና ያለ ሁለት ረጃጅም ብረት ያለው ሻንሲ። ምንም የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። ከባድ መኪና የለመዱ እጆች የሠሩት መሆኑ ግን ከሥሩ ገብቶ ለሚያይ ሰው ይታወቅ ነበር።

ያኔ የፒክአፕ አገር አሜሪካ ነበረች። ፎርድ በ1925 ሞዴል ቲ ላይ የጭነት ሳጥን ገጥሞ በ281 ዶላር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የገበሬው፣ የአናጺውና የግንበኛው መኪና ፒክአፕ ሆኗል። በ1948 የወጣው የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ከ1977 ጀምሮ የአገሪቱ ቀዳሚ ፒክአፕ ነው። እዚያ አንድ ቤተሰብ ወይ የፎርድ ነው ወይ የሼቭሮሌ። ልጅ የአባቱን መኪና እየፈታና እየገጠመ ያድጋል፤ ጊዜው ሲደርስም የለመደውን ይገዛል። የሰፈሩ መካኒክም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

በዚህ ላይ መንግሥት ከፍ ያለ አጥር አጥሮ ነበር። ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን በአሜሪካ የዶሮ ሥጋ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በአጸፋው ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ፤ ከ1964 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ዋለ። የዶሮው ጠብ ከተረሳ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ቀረጡ አልተነሣም። ቶዮታ መላ ዘየደ። ፒክአፑን ያለ ጭነት ሳጥን፣ ጋቢናና ሻንሲ ብቻ አድርጎ በአነስተኛ ቀረጥ አስገባ፤ ሳጥኑን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ባለ ፋብሪካ አሠርቶ ይገጥምለት ነበር። በ1980 ይህ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ሙሉ ቀረጡ መከፈል ግድ ሆነ።

ገዢው ግን አልሸሸም። በ1973ና በ1979 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ትንሿ የጃፓን ፒክአፕ ቤንዚን በመቆጠብ ገባች፤ ከገባች በኋላ ያቆያት ደግሞ ሞተሯ ነው። በ1980ዎቹ የገጠሙላት 22አር የተባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ጉልበቱ ብዙ አይደለም፤ አቀበት ላይ ይለምናል። ነገር ግን የብረት ሥራው ወፍራም ነው፣ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚያስገባ ቦታ አለው፣ ሁሉም ነገር በተራ ቁልፍ ይፈታል። ችግር አልነበረውም ማለት አይደለም። የካቴናው የፕላስቲክ መሪ እያረጀ ይሰበርና ካቴናው እየተወዛወዘ የፊት ሽፋኑን ይፈቀፍቀዋል። በሽታው አስቀድሞ ድምፅ ስለሚሰጥ መካኒኩ ሞተሩ ሲነሳ ከሚሰማው ማንኳኳት ብቻ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም። የዚህ ሞተር ስም የተገነባው እንዲህ ነው፤ ሲታመም በሽታው ይታወቃል፣ ሲታወቅ ይድናል።

ስድስት ሲሊንደሩ ግን ሌላ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለፒክአፑ የተሰጠው 3 ሊትር ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥል ነበር። ውኃው ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባለመኪናው ሞተር ያስወርዳል። ቶዮታ ልዩ የጥገና ዘመቻ ከፍቶ ጓርኒሲዮኑን በራሱ ወጪ ሲቀይር ሰነበተ። ይህ የሆነው ከታኮማ የሻንሲ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ባለመኪኖቹም አልረሱትም።

የአምራች ዋስትና ራሱ ረጅም ታሪክ የለውም። እስከ 1960 ድረስ የአሜሪካ አምራቾች ለአዲስ መኪና የሚሰጡት ዋስትና በተለምዶ 90 ቀን ወይም 4,000 ማይል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰበረው ሁሉ የባለመኪናው ዕዳ ነው። ፎርድ ይህን ወደ 12 ወር ከፍ አደረገ። ክራይስለር በ1963 ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ሲሰጥ ተፎካካሪዎቹ ተከትለው ሮጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጪው ስለከበዳቸው መልሰው አሳጠሩት። ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። የ1975ቱ የማግነሰን ሞስ ሕግ አምራቹ የዋስትናውን ቃል በግልጽ እንዲጽፍ አስገደደው፤ ባለመኪናው ሰርቪሱን ሌላ ጋራዥ ስላስደረገ ብቻም ዋስትናው እንዳይሰረዝበት ከለከለ። በ1982 ደግሞ የኮኔቲከት ግዛት ለአንድ ብልሽት አራት ጊዜ ተመላልሶ ያልዳነ ወይም 30 ቀን ጋራዥ የተኛ አዲስ መኪና እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የሚል ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹ ግዛቶችም ተከተሉ።

ታማኝነት ሁልጊዜ በጥሩ ጥገና የሚገኝ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ፎርድ ከ2003 ሞዴል ጀምሮ በትላልቅ ፒክአፖቹ ላይ የገጠመው ባለ 6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ናቪስታር የተባለ ኩባንያ የሠራለት ነው። የጭስ ማቀዝቀዣው ይደፈናል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይለቃል። ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ጠልቆ የተቀመጠ በመሆኑ ብዙ መካኒኮች ጋቢናውን እንዳለ ከሻንሲው ላይ አንሥተው ነበር የሚሠሩት፤ አንድ ጓርኒሲዮን ለመቀየር መኪናው ለሁለት ይከፈላል። የጥገናውን ዋጋ ማን ይክፈል በሚል ፎርድ በ2007 መጀመሪያ ናቪስታርን ከሰሰ፤ ናቪስታርም ለጥቂት ጊዜ ሞተር መላክ አቆመ። ጉዳዩ በ2009 በስምምነት ሲያልቅ ሁለቱ ተለያዩ፤ ፎርድ የናፍጣ ሞተሩን ራሱ መሥራት ጀመረ። በዚህ ሁሉ መሐል የኤፍ ተከታታይ የሽያጭ መሪነቱን አንድ ዓመት እንኳ አልለቀቀም። ባለመኪናው በሞተሩ ቢማረርም መኪናውን አልተወም። የቴስታታውን ብሎን በጠንካራ ብሎን ቀይሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከአባት የወረሱት መኪና በአንድ ክፉ ሞተር አይከዳም።

ቶዮታ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ውርስ አልነበረውም። የራሱን መፍጠር ነበረበት፤ የፈጠረውም በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ነው።

በ1987 መጀመሪያ የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፖች ላይ ሚላን የተባለውን ፀረ ታንክ ሚሳይል ጭነው በሰሜኑ በረሃ የሊቢያን የብረት ለበስ ጦር ገጠሙ። በጥር ፋዳን፣ በመጋቢት ዋዲ ዱምን ያዙ። ከላንድክሩዘር ፒክአፕ ጋር ሃይሉክስም ነበረበት፤ የዚያ ዓመት ውጊያ በታሪክ መጻሕፍት ሳይቀር የቶዮታ ጦርነት ተብሎ ቀረ። ይህ ለአንድ የንግድ ምልክት የሚያኮራ ማስታወቂያ አይደለም፤ የሞተው ሰው ብዙ ነው። ቴክኒካዊ ምስክርነቱ ግን የማይካድ ነው። ወኪልም ሰርቪስም በሌለበት አሸዋ ላይ መኪናው ሠርቷል።

ሌላው ምስክርነት የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። በ2003 የብሪታንያው ቶፕ ጊር ፕሮግራም በ1988 የተሠራ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ገዝቶ ሊገድለው ሞከረ። በባሕር ማዕበል አሰጠመው፣ በብረት ኳስ አስመታው፣ በእሳት አቃጠለው፣ በመጨረሻም ሊፈርስ የተዘጋጀ ፎቅ አናት ላይ አውጥቶ ከሕንፃው ጋር አፈረሰው። የፕሮግራሙ መካኒክ ከፍርስራሹ ውስጥ ጎትቶ አወጣው፤ በተራ መሣሪያ፣ ያለ አንድ መለዋወጫ፣ ሞተሩን አስነሣው። ይህን የተመለከተ ሰው በማግሥቱ ሃይሉክስ ላይገዛ ይችላል፤ ሰው ሁሉ ስለዚያ መኪና የሚያወራው ነገር ግን አገኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ስም ቴሌቪዥን አላስፈለገውም። ሞኤንኮ በ1959 ተመሥርቶ የቶዮታ ወኪል ሆኖ ሠርቷል፤ ከወኪሉ አዲስ መኪና በዋስትና የሚገዙት ግን ከጥንትም ጀምሮ በአብዛኛው መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ግለሰቡ የሚገዛው ያገለገለ፣ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ወይም ከሌላ የባሕረ ሰላጤ አገር የመጣ መኪና ነው። ያ መኪና ዋስትናው ወይ አልቋል ወይ ድንበር ሲሻገር ቀርቷል። የታኮማ ባለቤት ሻንሲው ሲዝግ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ለአዲስ አበባው ባለ ደብል ጋቢና ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም።

ዋስትናውን የሚሰጠው ታዲያ መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ለቶዮታ የሚያጣው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ኦሪጅናሉ ከዋጋው፣ ተመሳሳዩ ከዋጋው፣ ከሌላ መኪና የተፈታውም ከዋጋው ጋር ይቀርብለታል። ባለሱቁ ስለ መኪናው ስም ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሞተሩን ነው። ሁለት ኤል ነው? ሦስት ኤል ነው? አምስት ኤል? ይህ የኤል ቤተሰብ የናፍጣ ሞተር ለሃይሉክስ ፒክአፕም ለሃይኤስ ሚኒባስም የተገጠመ በመሆኑ የታክሲው መካኒክ የፒክአፑንም ያውቀዋል። ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋው አምስት ኤል ቱርቦ የለውም፤ የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አያውቅም። ቺንጋው በጊዜው ከተቀየረ፣ ዘይቱ ካልጎደለ፣ ራዲያተሩ ካልደረቀ ዓመታት ይሄዳል። ሲደክምም ወርዶ፣ ፒስቶኑና ኩሽኔታው ተቀይሮ እንደገና ይወጣል። ከከተማ ርቆ የቆመ ሾፌር ስልክ ደውሎ ምልክቱን ሲናገር ጋራዥ የተቀመጠው መካኒክ ምን እንደሆነ የሚነግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ነገር ነው። ደላላው ሃይሉክስን ሲያሻሽጥ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ገዢው መልሶ ሲሸጠው ብዙ እንደማይጎድልበት ያውቃል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ሲጥል፣ በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ አገር ውስጥ ያለ ሊጠገን የሚችል መኪና ይበልጥ ተወደደ። ሰው ቶዮታ የሚመርጠው ሌሎቹን ሞክሮ ጠልቶ ብቻ አይደለም። ሌላ ምልክት የገዛ ሰው መኪናው ጥሩ ቢሆን እንኳ መለዋወጫ ፍለጋ ይንከራተታል፣ በሽታውን የሚያውቅ ባለሙያ ያጣል፣ ሊሸጥ ሲያወጣም ገዢ ያጥርበታል። በዚህ አገር ታማኝነቱ ለኩባንያው ከሚሆነው ይልቅ በመኪናው ዙሪያ ለተሰባሰቡት ባለሱቆች፣ መካኒኮችና ደላሎች ነው ቢባል እውነት ነው።

የመኪናው ባሕርይ ግን እየተለወጠ ሄዷል፤ ይህን በግልጽ ያሳየችው አውስትራሊያ ናት። እዚያ ሃይሉክስ ከ2016 እስከ 2022 በተከታታይ ከመኪና ሁሉ በብዛት የተሸጠ ነው። በነዚያው ዓመታት ግን የጭስ ጥቀርሻ ማጣሪያው ችግር አመጣ። ማጣሪያው የናፍጣ ጥቀርሻን አጠራቅሞ በየጊዜው በከፍተኛ ሙቀት እንዲያቃጥል የተሠራ ነው፤ መኪናው ረጅም መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ግን ማቃጠሉ በትክክል አይሠራም ነበር። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይግተለተላል፣ ይሸታል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ነዳጅ ይበላል። ባለመኪናው ወደ ወኪሉ ይሄዳል፤ ማጣሪያው ይጸዳለታል ወይም ይቀየርለታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ጭስ ይመለሳል። በዋስትና በነጻ መጠገኑ አላጽናናውም፤ ሥራ ያስፈታዋልና።

ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 የተሸጡ 264,170 ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖችን የሚመለከት የጋራ ክስ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2022 መኪኖቹ ሲሸጡ ከዋጋቸው 17.5 በመቶ ያነሱ ነበሩ ሲል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2023 ወደ 10 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የካሳው ስሌት እንደገና እንዲታይ መለሰው። ክርክሩ እንዲህ ሲንከባለል መኪናው ሲሸጥ ነበር። ከታኮማው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ኩባንያው የበሰበሰውን ራሱ ገዛ፤ በአውስትራሊያ ግን ደንበኛው ፍርድ ቤት እስኪሄድ ተመላለሰ። ስሙን ከአርባ ዓመት በላይ ያከማቸ ኩባንያ ከዚያ ክምችት ላይ እያወጣ መብላት ይችላል፤ አውስትራሊያ ላይ ያደረገው ይህንን ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ሁሉም ካሳ በፈቃድ የተሰጠ አልነበረም። ከ2008ቱ ዘመቻ ውጭ የቀሩ የኋለኞቹ ዓመታት ታኮማ፣ እንዲሁም ተንድራና ሴኮያ የተባሉት የቶዮታ መኪኖች ባለቤቶች የጋራ ክስ ካቀረቡ በኋላ ነው ቶዮታ በ2016 ለ1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ምርመራና የሻንሲ ቅያሬ ለማድረግ የተስማማው። የስምምነቱ ግምት ወደ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ አንድ ሻንሲ መቀየር ብቻ እስከ 15,000 ዶላር ያስወጣል ተብሎ ነበር። ጋቢና፣ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የጭነት ሳጥን ሁሉ ከአሮጌው ሻንሲ ላይ ተነሥቶ አዲስ ላይ ይሰካል።

2024 ለቶዮታ ከባድ ዓመት ነበር። በጥር የናፍጣ ሞተሮቹን የሚሠራለት እህት ኩባንያ የሞተር ጉልበት ፈተና ላይ ደንብ መጣሱ ታውቆ ሃይሉክስን ጨምሮ የአሥር ሞዴሎች ጭነት ለጊዜው ቆመ። በግንቦት ደግሞ በ2022ና በ2023 ሞዴል ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ ላይ የተገጠመው ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ውስጥ ሲሠራ የተፈለፈለ የብረት ቅንጣት ሳይጸዳ ቀርቶ ዋናውን ኩሽኔታ እንደሚበላ ተገለጸ። 102,000 ያህል መኪኖች ተጠሩ። ቅንጣቱን ሞተሩ ሳይፈታ ለይቶ ማግኘት ስለማይቻል ኩባንያው ሞተሩን እንዳለ ለመቀየር ወሰነ፤ ሥራው ለአንድ መኪና ቀናት ይወስድ ነበር፣ ሞተር እስኪመጣም ወረፋ ነበረ።

የአዲስ አበባው ገበያም የመኪናውን መለወጥ በራሱ መንገድ አውቆታል። በ2015 የወጣው፣ ሬቮ የሚባለው ሃይሉክስ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ከቁልፉ በፊት የሚያነሣው የኮምፒዩተር መመርመሪያውን ነው። ቱርቦው፣ ኢንጀክተሩና ሴንሰሩ እያንዳንዳቸው ዋጋቸው ከባድ ነው፤ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ናፍጣም አይወዱም። ስለዚህ ገጠር ለገጠር የሚሠራ፣ አሸዋና ሲሚንቶ የሚጭን፣ ከጋራዥ ርቆ የሚውል ሰው ገንዘብ ኖሮት እንኳ አሮጌውን ነጠላ ጋቢና ባለ አምስት ኤል ሲፈልግ ይገኛል፤ ሞተሩ ያልወረደ ከሆነ ባለቤቱ ዋጋውን አይቀንስለትም።